ሪባን ምንድን ነው? የሚቆረጠውን ማለቴ አይደለም

ሐዋሳ ፒያሳ አካባቢ አንድ የኮምፒውተር ጽሕፈትና ፎቶ ኮፒ ቤት ተቀጥሬ እሠራ ነበር። አንድ ቀን ጠዋት ቫይረስ የበላው ኮምፒውተራችን ፎርማት ተደርጎ፣ አዲስ ኦፊስ ተጭኖበት መጣ። አብራኝ የምትሠራው ልጅ ኪቦርድ ሳታይ የምትጽፍ፣ እጇ እሳት የሆነ ጸሐፊ ናት። ዎርድን ከፈተችና ዝም አለች። ቆይታ፣ “ፋይል የት ሄደ?” አለችኝ።

በር ላይ አንድ ተማሪ ባጃጅ አስቁሞ ይጠብቃል። የመመረቂያ ጽሑፉን ፕሪንት ሊያስደርግ ነው። ሁለታችንም ስክሪኑ ላይ ተደፋን። ፕሪንት የለም። ተማሪው ሰዓቱን ያያል፣ የባጃጁ ሹፌር ጥሩምባ ይነፋል። ለካ ፕሪንት ከላይ በግራ ጥግ ካለችው ባለ አራት ቀለም ክብ ምልክት ውስጥ ኖሯል። እኛ ጌጥ መስላን ነበር።

ከሪባን ጋር የተዋወቅነው እንዲህ ነው።

ሪባን የሚባለው ዎርድ፣ ኤክሴል ወይም ፓወርፖይንት ሲከፈት ከላይ በአግድም የሚዘረጋው ሰፊ መደብ ነው። ሆም፣ ኢንሰርት እያለ የሚቀጥል ታብ አለው። ታቡን ስትቀይሩ ከሥሩ ያሉት ቁልፎች አብረው ይቀየራሉ። ማይክሮሶፍት ያመጣው በኦፊስ 2007 ነው። በእኛ አቆጣጠር ጥር 1999 ለሕዝብ ወጣ፤ ሚሊኒየሙ ሊገባ ወራት ሲቀሩት ማለት ነው። ስሙ ያው ባለሥልጣን በምርቃት ቀን በመቀስ የሚቆርጠው ሪባን ነው። ይኸኛውን ግን መቁረጥ ያማረን ብዙ ነበርን።

ከዚያ በፊት የነበረውን የቀድሞ ሰው ያስታውሰዋል። ፋይል፣ ኤዲት፣ ቪው እያለ የሚሄድ ረድፍ አለ፤ ስትጫኑት ዝርዝር ወደ ታች ይወርዳል። ችግሩ ዕቃው መብዛቱ ነበር። የመጀመሪያው ዎርድ 100 ገደማ ትእዛዝ ነበረው። ዎርድ 2003 ላይ ሲደረስ ከ1,500 አልፏል። ሰው ይኼ ይጨመርልን እያለ ከሚጠይቀው ብዙው እዚያው ውስጥ ያለ ነገር ነበር። የሚያገኘው ጠፍቶ ነው እንጂ።

ሪባንን የመሥራቱን ሥራ ከመሩት አንዱ የማይክሮሶፍቱ ጄንሰን ሃሪስ ነው። እነሱ ፈቃደኛ ከሆኑ ተጠቃሚዎች ማን ምን እንደሚጫን ቆጠሩ። በዎርድ 2003 ፔስት፣ ሴቭ፣ ኮፒ፣ “አንዱ” (የሠራነውን ወደ ኋላ የሚመልሰው) እና ቦልድ ብቻቸውን ከጠቅላላው አጠቃቀም 32 በመቶ ገደማ ያዙ። አንደኛ የወጣው ፔስት ነው፤ ለብቻው ከ11 በመቶ በላይ። (እኛ ቤት ቢቆጠር ኖሮ ከዚህም ሳይበልጥ አይቀርም፤ የአሳይመንት ነገር ይታወቃል።) ለዚህ ነው ፔስት ዛሬም ሆም ላይ ግራ ጥጉን ይዞ ትልቅ ሆኖ የተቀመጠው።

ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ታዲያ ሰው ለምን ተናደደ?

ምክንያቱም የጸሐፊ እጅ ስም አያውቅም። ቦታ ነው የሚያውቀው። ቤታችሁ መብራት ሲጠፋ ሻማና ክብሪቱን በዳበሳ ታነሣላችሁ፤ አንድ ሰው ቦታቸውን ከቀየረባችሁ ግን በገዛ ቤታችሁ እንግዳ ናችሁ። ብዙዎቻችን ደግሞ ሜኑውን በእንግሊዝኛው አንብበን አልተማርነውም። “ሦስተኛው ላይ ግቢ፣ ከታች ሁለተኛውን በይ” ተብለን ነው።

ሠንጠረዥን ውሰዱ። በ2003 ቴብል የራሱ ሜኑ ነበረው፤ ሁልጊዜ እዚያው ነው። በ2007 ግን ሠንጠረዡን የሚያስገባው ኢንሰርት ውስጥ ሄደ። ማስተካከያዎቹ ደግሞ ሠንጠረዡ ውስጥ ካልቆማችሁ በቀር አይታዩም። ውጭ ስትጫኑ ታቡ ድራሹ ይጠፋል፣ ተመልሳችሁ ስትገቡ ብቅ ይላል። አሠራሩን ለሚያውቅ ብልህ ነገር ነው። ለማያውቅ ግን ኮምፒውተሩ የሚቀልድበት ነው የሚመስለው። በዚያ ላይ ቁልፎቹ እንደ መስኮቱ ስፋት ይጠብባሉ፣ ይሰበሰባሉ። በሰፊ ስክሪን በስሙ ያያችሁት ነገር በእኛ አሮጌ ሞኒተር ትንሽ ሥዕል ብቻ ሆኖ ይቀራል።

ወደ ድሮው መመለሻም አልተሰጠም። አሮጌውን ሜኑ የሚመልሱ የሌሎች ድርጅቶች ፕሮግራሞች በገንዘብ እስከ መሸጥ ደረሱ። በዚያው ሰሞን ዶክኤክስ የሚባለው አዲስ የፋይል ዓይነት መጣና ተማሪው በፍላሽ ያመጣው ሥራ የቀድሞው ኦፊስ ባለበት ሌላው ኮምፒውተራችን ላይ አልከፍት አለ። “በ97-2003 ሴቭ አድርጋችሁ አምጡ” ማለት የየቀኑ ዘፈናችን ሆነ። ይኼኛው የሪባን ጥፋት አይደለም፤ ስድቡን ግን አብሮ ተቀበለ።

“ሰው ለውጥ አይወድም” የሚል መልስ ያኔም ነበር። እኔ አልቀበለውም። ያቺ ልጅ ይከፈላት የነበረው በገጽ ነው። ቦልድና ፔስት ፍለጋ የምታጠፋው ደቂቃ ከኪሷ የሚወጣ ነበር። የሆነ ሆኖ ከእኛ በኋላ የመጣው ተለማማጅ ምንም አላማረረም። የድሮውን ስለማያውቅ ሁሉንም ፊት ለፊት አገኘው፤ እንዲያውም ለእሱ ቀለለው። ስለዚህ ሪባን መጥፎ ነው ብዬ አልከራከርም። የመልመጃውን ዋጋ የከፈሉት ግን ሥራውን ጠንቅቀው ያወቁት ናቸው።

በኦፊስ 2010 ክቧ ምልክት ቀረችና ፋይል የሚለው ቃል ወደ ቦታው ተመለሰ። ሪባኑንም እንደ ፍላጎት ማስተካከል ተቻለ። ልጅቷ መጀመሪያ ያየችው ዕለት “እሰይ፣ መጣህ?” አለችው። ቦታ የሚያጣብብባችሁ ካለ ኮንትሮልና ኤፍ 1 ሪባኑን ይሰበስበዋል፤ ደግማችሁ ስትጫኑ ይመለሳል። ሜኑ የናፈቀው ደግሞ ሊብረኦፊስ የሚባለው ነጻ የጽሕፈት ፕሮግራም አለለት።

በዚህ ሁሉ መሀል ያልተነካ አንድ ነገር ነበር፦ ኮንትሮል ሲ፣ ኮንትሮል ቪ፣ ኮንትሮል ፒ እንደ ድሮው ይሠሩ ነበር። ያን ቀን ጠዋት አንዳችን ኮንትሮል ፒ ብንል ኖሮ ባጃጁ ጥሎት አይሄድም ነበር።