አቡ ጎሽ፦ በኢየሩሳሌም ዳርቻ ያለች የሁሙስ ከተማ

አቡ ጎሽ ከኢየሩሳሌም በስተምዕራብ 10 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ወደ ቴል አቪቭ በሚወስደው 1 ቁጥር አውራ ጎዳና አጠገብ በኮረብታ ላይ የተሠራች ትንሽ የአረቦች ከተማ ናት። ነዋሪዎቿ ከ7 ሺህ በላይ ሲሆኑ አብዛኞቹ ሙስሊሞች ናቸው። በእስራኤል ስሟ ሲነሳ ቀድሞ የሚታወሰው ምግቧ ነው፦ ከተፈጨ ሽምብራ የሚለወሰው ሁሙስ፣ የሽምብራ ጥብስ የሆነው ፈላፈል፣ በከሰል የተጠበሰ ሥጋ፣ ገበታውን የሚሞሉ ትንንሽ የሰላጣ ሳህኖች። ለአንዲት ትንሽ ከተማ ይህን ያህል ምግብ ቤት መብዛቱ ሊያስገርም ይችላል። ምክንያቱን ለማግኘት ግን ከወጥ ቤቱ በፊት መንገዱን ማየት ይሻላል።

ከያፋ ወደብ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጣው የጥንት መንገድ በዚህ ያልፍ ነበር። በኦቶማን ዘመን የአቡ ጎሽ ቤተሰብ መንገዱን ይዞ፣ እስከ 19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ድረስ ከተሳላሚውም ከነጋዴውም ቀረጥ ይሰበስብ ነበር። ቤተሰቡ የዘር ሐረጉን ከካውካሰስ ይመዝዛል፤ በ2014 እ.ኤ.አ. በቼቼኒያ ገንዘብ ታንጾ የተከፈተው ባለ አራት ሚናሬት መስጊድም በቀድሞው የቼቼኒያ ፕሬዚዳንት በአሕመድ ካዲሮቭ ስም የተጠራው ለዚሁ ነው፤ ቼቼኒያ በካውካሰስ ናትና። በ1948ቱ የአረቦችና የእስራኤል ጦርነት በኢየሩሳሌም መንገድ ግራና ቀኝ የነበሩ አብዛኞቹ የአረብ መንደሮች ባዶ ሲቀሩ አቡ ጎሽ ግን በቦታዋ ቆየች። መንገደኛ ዛሬም የመንደሯ እንጀራ ነው፤ ልዩነቱ አሁን ወዶ መቆሙ ነው።

ሁለተኛው ምክንያት ሰንበት ነው። በምዕራብ ኢየሩሳሌም አብዛኞቹ ምግብ ቤቶች ዓርብ ከሰዓት በኋላ ተዘግተው እስከ ቅዳሜ ምሽት አይከፈቱም። አቡ ጎሽ ደግሞ ክፍት ናት። ስለዚህ ቅዳሜ ቀትር ላይ ጠባቡ ዋና መንገድ በመኪና ይጨናነቃል፤ በረጋ መንፈስ መብላት የፈለገ በሥራ ቀን ቢሄድ ይሻለዋል።

የአገልግሎቱ ሥርዓት በየቤቱ ተቀራራቢ ነው። እንግዳው ተቀምጦ ምን እንደሚያዝ ገና ሳይወስን አስተናጋጁ ትኩስ ፒታ (ጠፍጣፋ ዳቦ)፣ የወይራ ፍሬና በጨው የቆየ ኪያር ያቀርባል፤ ከዚያ ሰላጣዎቹ ይደረደራሉ፦ በእሳት ተለብልቦ ከጣሂና (ከተፈጨ ሰሊጥ) ጋር የተለወሰ ደበርጃን፣ በፐርስሊ ቅጠልና በቡልጉር (በተከካ ስንዴ) የሚሠራው ታቡሌ፣ በደቃቁ የተከተፈ ቲማቲምና ኪያር። ከባቡና ሺሽሊኩ የሚመጡት ኋላ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሲደርሱ ሰውየው ጠግቧል። በእኔ ግምት እዚህ ድረስ ለሥጋ ብቻ መምጣት አያዋጣም። መዝጊያው ጣፋጭ ነው፣ ባቅላቫ ወይም ትኩስ ክናፌ፤ ሄል የገባበት ጥቁር ቡና በትንሽ ስኒ ይከተላል።

የገበታው ዋና ሁሙስ ነው። ደረቅ ሽምብራ ተዘፍዝፎ ያድራል፤ ብዙዎች ቅርፊቱ ቶሎ እንዲላላ ጥቂት ቤኪንግ ሶዳ ይጨምሩበታል። ከዚያም በጣት ሲነኩት እስኪፈርስ ድረስ በዝግታ ይቀቀላል፣ ይፈጫል፣ ከጣሂና፣ ከሎሚ፣ ከነጭ ሽንኩርትና ከጨው ጋር ይለወሳል። ሳህኑ ላይ በማንኪያ ጀርባ ዙሪያውን ተዳምጦ መሃሉ ይጎደጉዳል፤ ጉድጓዱ ውስጥ የወይራ ዘይትና ሙሉ ሽምብራ፣ ወይም የተቀቀለ ባቄላ ይገባል። ሽምብራው ሳይፈጭ ለብ እንዳለ ከጣሂና ጋር የሚቀርበው ደግሞ መሰባሐ ይባላል፤ ለእኔ ከሁለቱ የሚበልጠው እሱ ነው። ሹካ አያስፈልግም፤ በፒታ ቁራሽ እየጠቀሱ ይበላል። በእንጀራ ያደገ እጅ ለዚህ አስተማሪ አይፈልግም።

ጣሂናው ሰሊጥ ነው፤ እዚህ ላይ የአገራችን እጅ አለበት። በእስራኤልም በናብሉስም ያሉ ጣሂና አምራቾች የሑመራን ሰሊጥ ከምርጦቹ ይቆጥሩታል፤ አንዳንዶቹም ስሙን ከነቦታው ማሸጊያቸው ላይ ይጽፉታል። በጾም የሰሊጥ ፍትፍት የበላ ሰው የሁሙሱን ጣዕም ግማሽ መንገድ ሄዶ ያውቀዋል ማለት ይቻላል።

ሁሙስ ግን ፖለቲካም አለበት። በ2008 እ.ኤ.አ. የሊባኖስ የኢንዱስትሪ ባለቤቶች ማኅበር ምግቡ የሊባኖስ ነው ብሎ የስሙን ባለቤትነት በሕግ ለማስከበር ተነሣ። በጥቅምት 2009 ቤይሩት ውስጥ ከ2 ሺህ ኪሎ ግራም የሚበልጥ ሁሙስ ተለውሶ በዓለም የክብረ ወሰን መዝገብ ሰፈረ። በጥር 2010 የአቡ ጎሹ ባለ ምግብ ቤት ጀውዳት ኢብራሂም፣ አሜሪካ ሳለ ሎተሪ ወጥቶለት ወደ ትውልድ መንደሩ የተመለሰው ሰው፣ ከ4 ሺህ ኪሎ ግራም በላይ አሠርቶ ክብረ ወሰኑን ወሰደ። ያን ሁሉ የሚይዝ ሳህን ስላልነበረ የቀረበው በሳተላይት ዲሽ ነው። ሊባኖሶች ብዙ አልቆዩም፤ በግንቦት 2010 10,452 ኪሎ ግራም ሠሩ። ቁጥሩ እንዲሁ የመጣ አይደለም፤ የሊባኖስ የቆዳ ስፋት 10,452 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። የአቡ ጎሽ ሰዎች ራሳቸው አረቦች መሆናቸው ክርክሩን የእስራኤልና የሊባኖስ ብቻ ብሎ ለመተረክ ያስቸግራል።

ከምግብ በኋላ በእግር የሚደረስባቸው ሁለት ቦታዎች አሉ። አንደኛው በ12ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የመስቀል ጦረኞች በምንጭ ላይ ያነጹት፣ ዛሬ የቤኔዲክት መነኮሳት የሚኖሩበት ቤተ ክርስቲያን ነው። የመስቀል ጦረኞቹ ቦታውን ኤማሁስ ብለውት ነበር፤ ከትንሣኤ በኋላ ጌታ ከሁለቱ መንገደኞች ጋር ማዕድ የቀረበባት መንደር። ኤማሁስ ናቸው የሚባሉ ሌሎች ቦታዎችም አሉ። ሁለተኛው በኮረብታው አናት በ1924 የተሠራው፣ በቃል ኪዳኑ ታቦት እመቤት ስም የተሰየመው ቤተ ክርስቲያን ነው። ኮረብታው ቂርያትይዓሪም መሆኑ ይታመናል፤ ታቦተ ጽዮን ከፍልስጥኤማውያን ተመልሳ፣ ዳዊት እስኪወስዳት ድረስ በአሚናዳብ ቤት ያረፈችበት። አክሱምን ለሚያስብ ኢትዮጵያዊ ተሳላሚ ይህ ኮረብታ ከሁሙሱ ይበልጥ ሊስበው ይችላል፤ ብዙዎች ግን መኖሩን ሳያውቁ በአውቶቡስ ያልፉታል።

ለትንሣኤ ወደ ኢየሩሳሌም የሚወጡ የኦርቶዶክስ ምዕመናን የሚደርሱት በሰሙነ ሕማማት ስለሆነ ሁሙስ፣ ፈላፈልና ታቡሌ ለጾማቸው ይስማማሉ። ከሰላጣዎቹ መካከል ግን የእርጎ ላብነ ሊኖር ስለሚችል መጠየቅ ያስፈልጋል። ለቤተ እስራኤል ጉዳዩ ሌላ ነው። ለብዙ ዓመታት ከኢትዮጵያ የመጡ ቤተሰቦችን ያስተናገደው የመቫሴሬት ጽዮን የመቀበያ ማዕከል ከአቡ ጎሽ ጥቂት ኪሎ ሜትሮች ብቻ ይርቃል። ሆኖም እዚህ ያሉ ምግብ ቤቶች በአብዛኛው የኮሸር፣ ማለትም የአይሁድን የምግብ ሕግ የመጠበቅ፣ ማረጋገጫ የላቸውም፤ በሰንበትም ይሠራሉ። ሕጉን የሚጠብቁ ሽማግሌዎች ደጃፉን አይረግጡም፤ እዚያው አገር ተወልደው ካደጉት ወጣቶች ግን ቅዳሜ ወረፋ የሚይዙ አይጠፉም።