ስጋጃ ስትገዙ መጀመሪያ ገልብጡት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

እናቴ ስለቷ ደረሰላትና ለደብሯ ስጋጃ ልታስገባ ተነሣች። የምትኖረው ደብረ ማርቆስ ነው። ባሕር ዳር ወርጄ የገዛሁላት እኔ ነኝ። ሻጩ «የእጅ ሥራ ነው» አለኝ፤ አመንኩት። በሦስተኛው ዓመት ስጋጃው ለጽዳት ሲነሣ ከሥሩ ነጭ ዱቄት ተራገፈ። ጀርባው ላይ የተለጠፈው ጨርቅም ለቀቀ። እናቴ ምንም አላለችኝም። እኔን ግን እስከ ዛሬ ይቆጨኛል። ከዚያ ወዲህ ጠይቄ የተረዳሁትን እነሆ።

«የእጅ ሥራ ከሆነ ሁሉም አንድ ነው።»

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። በእጅ የሚሠራ ምንጣፍ ቢያንስ ሦስት ዓይነት አለው። አንደኛው የሚቋጠረው ነው። ድሩ ይወጠራል፤ የሱፉ ፈትል አንድ በአንድ ድሩ ላይ በጣት ይቋጠራል። አንድ ረድፍ ሲያልቅ ማግ ይገባና ጠበቅ ተደርጎ ይመታል። አንድ ትልቅ ስጋጃ ወራት ይፈጃል። ሁለተኛው ጠጉር የሌለው፣ እንደ ጋቢ በድርና ማግ ብቻ የሚሸመነው ነው። ቱርኮች ኪሊም ይሉታል። ሦስተኛው እኔ የገዛሁት ነው። ሠራተኛው በእጁ በያዘው መርፌ ያለው መሣሪያ ፈትሉን ሸራ ላይ ይተክለዋል። ከኋላ ሙጫ ይቀባል፤ ሙጫው እንዳይታይ ደግሞ ጨርቅ ይለበጥበታል። ሰው ስለሠራው ሻጩ አልዋሸኝም። ግን የዚህ ምንጣፍ ዕድሜ የሙጫው ዕድሜ ነው። ሙጫው ሲያረጅ ደርቆ ዱቄት ይሆናል።

ስለዚህ ገልብጡት። የተቋጠረ ስጋጃ ሥዕሉ ከጀርባውም ጥርት ብሎ ይታያል፤ ቋጠሮውም በጣት ይዳሰሳል። ጀርባው ጨርቅ ከለበሰ ሙጫ አለ ብላችሁ ጠርጥሩ። የፋብሪካ ምንጣፍም ጀርባው ሥዕል ሊያሳይ ስለሚችል ዘርፉን ጨምራችሁ እዩ። በተቋጠረው ላይ ዘርፉ የድሩ ጫፍ ነው፤ ከራሱ ከምንጣፉ ውስጥ ይወጣል። በሙጫ በተሠራውና በፋብሪካው ላይ ግን ብዙ ጊዜ ኋላ የተሰፋ ጌጥ ነው።

«ጎጃም በግ ሞልቶ ስጋጃው ለምን ከእኛ በግ አይሠራም?»

ቁጭቱ ይገባኛል። ነገር ግን የእኛ ዋሸራ ጠጉረ አጭር በግ ነው። ገበያ ላይ የሚወደደው ለሥጋው ነው፤ ለፈትል የሚሆን ሱፍ ግን የለውም። ሱፋሙ የመንዝ በግ ነው። በርኖሱና ዝተቱ በዚያ ብርዳም አገር የሚሠራውም ለዚህ ነው። እዚህ ያለ ሸማኔ የተካነው ጥጥ ላይ ነው። እኔ ብሆን ለልጆች ክፍል ወፍራም የጥጥ ምንጣፍ አሸምን ነበር። ቀላል ነው፤ ማጠቡም አያስቸግርም።

«ቋጠሮው በበዛ ቁጥር ይሻላል።»

ብዙ ቋጠሮ የሚያስፈልገው ረቂቅ ሥዕል ለማውጣት ነው። በ1949 እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር በሳይቤሪያ፣ በአልታይ ተራሮች፣ በረዶ ከሞላው ጥንታዊ መቃብር የወጣው የፓዚሪክ ስጋጃ በአንድ ካሬ ሴንቲሜትር 36 ያህል ቋጠሮ አለው። ከ2,200 ዓመት በላይ የኖረው ግን በቋጠሮው ብዛት ሳይሆን በረዶው ስለጠበቀው ነው። ሰፋፊ ጥለት ላለው ወፍራም ስጋጃ ዋናው የሱፉ ጥራትና የምቱ ጥብቀት ነው።

ሱፍ መሆኑን ለማወቅ አንዲት ክር ጠይቃችሁ አቃጥሉ። ሱፍ እንደ ተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ይፈርሳል። ፕላስቲክ ከሆነ ቀልጦ ጠጠር ይሠራል።

«ቀለሙ ወጥ ካልሆነ ጉድለት ነው።»

አይደለም። ፈትል በእጅ ሲነከር አንዱ ድስት ከሌላው ትንሽ ይለያል። የሚያስፈራው የሚለቅ ቀለም ነው። በእርጥብ ነጭ ጨርቅ እሹት፤ ጨርቁ ቀለም ከያዘ ተዉት።

«አዲስ ስጋጃ ጠጉሩ ከረገፈ አይረባም።»

አዲስ ሱፍ የመጀመሪያዎቹን ወራት ትንሽ ይረግፋል፤ ቀስ በቀስ ይቀንሳል። ዓመት ካለፈውም በኋላ እፍኝ እፍኝ የሚወጣ ከሆነ ግን ሱፉ ደካማ ነው።

«በረኪና ያነጻዋል።»

አደራ፣ ይህን አታድርጉ! በረኪና ሱፍን ይበላዋል፤ ጠንከር ካለም ያሟሟዋል። ለብ ያለ ውኃና ለስላሳ ሳሙና ይበቃል። ጥላ ሥር አድርቁት። ስታስቀምጡት አትጠፉት፣ ጠቅልሉት። በየጊዜውም አውጥታችሁ አናፍሱት፤ ብል የሚወደው ጨለማና ማንም የማይነካው ቦታ ነው።

ዘንድሮ ለዚያው ደብር ሌላ እናስገባለን። ምእመኑ ጫማውን አውልቆ የሚቆምበት ስለሆነ ስፋቱ ቢያንስም የተቋጠረ ሱፍ መርጠናል። ሱቁ ውስጥ ገልብጣ፣ ጀርባውን በጣቷ ዳስሳ «ይሄ ይሁን» ያለችው እናቴ ናት።