ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም፤ ግን ጉልቻው ራሱ ምን ይሰራል?

ኦክቶበር 2024 ላይ ነው፣ ምርጫው ሊደርስ ጥቂት ሳምንት ሲቀረው (እዚህ የምጠራቸው ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)፣ አሌክሳንድሪያ ቨርጂኒያ የምንሰራበት ፓርኪንግ ቡዝ አጠገብ ቆመን ቡና እየጠጣን እኔ ስለ ኮንግረስ፣ ሀውስና ሴኔት የሚባሉ ሁለት ክፍሎች ስላሉት የአሜሪካ ምክር ቤት፣ እለፈልፋለሁ። ሀውሱን እነዚህ ከያዙት እንዲህ ይሆናል፣ ሴኔቱን እነዚያ ከወሰዱት እንዲያ ይሆናል እያልኩ። ሁላችንም ጋሼ የምንላቸው ትልቅ ሰው አሉ፣ ሳንቲም እየቆጠሩ ቀና እንኳን ሳይሉ «ተወው ልጄ፣ ጉልቻ ቢለዋወጥ ወጥ አያጣፍጥም» አሉኝ። በቃ ወሬው እዚያ ላይ አለቀ። ይሄ ተረት እንደዚህ ነው፣ አንዴ ከተነገረ በኋላ የሚጨመር ነገር የለም፣ ሰው ሁሉ ራሱን ነቅንቆ ወደ ስራው ይመለሳል። እኔን ግን ቤቴ ድረስ ተከተለኝ፣ ምክንያቱም ግማሹ ልክ ነው ግማሹ ደግሞ እኛ የጨመርንበት ነው ብዬ ስለማምን።

መጀመሪያ ጉልቻውን እንየው፣ ከተማ ተወልዶ ያደገ ወይ እዚህ የተወለደ ልጅ ስቶቭ እንጂ ጉልቻ አያውቅም። ጉልቻ ማለት ድስት የሚጣድበት ሶስት ድንጋይ ነው። ሁለት አይሆንም ድስቱ ይወድቃል፣ አራት ደግሞ አያስፈልግም፣ መሬቱ ትንሽ ወጣ ገባ ካለ አንዱ ሁሌ ስራ ፈት ይሆናል። አያቴ ደብረ ብርሃን አካባቢ ገጠር ውስጥ ነበር የምትኖረው፣ ጉልቻዋ ከጭስ ብዛት ጠቁሮ ያብረቀርቅ ነበር። ድስቷ የሸክላ ነው፣ ታቹ ክብ ስለሆነ ሶስቱ ድንጋይ መሀል ልክ ቁጭ ይላል። ከሶስቱ አንደኛው ትንሽ አጠር ይል ነበር መሰለኝ፣ ሁልጊዜ ከስሩ የገል ስባሪ ትሸጉጥበታለች፣ ከዚያ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ ነቅነቅ ታደርገዋለች፣ ካልተንገዳገደ ብቻ ነው ኩበቱን የምታቀጣጥለው።

ቃሉ ራሱ የመጣው ጎለተ ከሚለው ነው፣ አንድን ነገር መሬት ላይ አደላድሎ ማስቀመጥ ማለት ነው። ተጎልቶ ዋለ የምንለው ስራ ፈትቶ እንደ ድንጋይ ለተቀመጠ ሰው ነው አይደል? ሴቶች መንገድ ዳር ሽንኩርትና ቃሪያ በመደብ በመደብ አድርገው የሚሸጡበትም ጉልት የተባለው እዚያው ስለሚቀመጡበት ነው። አግብቶ ቤት የያዘ ሰው ደግሞ ሶስት ጉልቻ መሰረተ ይባላል፣ ቤት ማለት ጉልቻ ነው ማለት ነው፣ ሌላው ሁሉ በኋላ ይመጣል።

እና ተረቱ ከቤተ መንግስትም ከሊቃውንት ጉባኤም የወጣ አይደለም፣ ከማድቤት የወጣ ነው፣ ወጥ ሰርቶ የሚያውቅ ሰው የተናገረው ነው። ወጥ የሚጣፍጠው በቁሌቱ ነው። ሽንኩርቱ በደንብ ካልተቁላላ፣ በርበሬው ጊዜ ካላገኘ፣ ቅቤው ካልተነጠረ፣ መከለሻው ከተረሳ፣ ከታች ያለውን ድንጋይ ከወንዝ ብታመጣው ከተራራ ብታመጣው ለውጥ የለውም። ሀገር ቤት ካቢኔ በተበወዘ ቁጥር፣ ሹም ሽር በመጣ ቁጥር ሰው ይሄንን ተረት የሚያነሳው ለዚህ ነው፣ ሰዎቹ ተቀየሩ እንጂ አሰራሩ ያው ነው ለማለት። በዚህ ትርጉሙ ልክ ነው፣ ምንም አልከራከርም።

እዚህ አሜሪካ ደግሞ ለተረቱ ማስረጃ ፈልግ ብትሉኝ 2006ን አመጣላችኋለሁ። በዚያ ኖቬምበር ሰው የኢራቅ ጦርነት አንገሽግሾት ወጥቶ መረጠ፣ ዲሞክራቶች ሀውሱን 233 ለ 202 ያዙ፣ ሴኔቱንም በአንድ ወንበር ብልጫ ወሰዱ፣ ናንሲ ፔሎሲ የመጀመሪያዋ ሴት አፈ ጉባኤ ሆነች። ሁላችንም ጦርነቱ አበቃ አልን። ምን ሆነ? አዲሱ ኮንግረስ ስራ ከጀመረ ሳምንት ሳይሞላው ጃንዋሪ 10 ቀን 2007 ፕሬዚዳንት ቡሽ ከ20 ሺህ በላይ ተጨማሪ ወታደር እልካለሁ ብለው አወጁ። ኮንግረሱ ወታደሮቹ የሚወጡበት ቀን ይቆረጥ የሚል ህግ አወጣ፣ ሜይ 1 ቡሽ ቪቶ አደረጉት፣ አልፈርምም ብለው መለሱት ማለት ነው፣ በማግስቱ ቪቶውን ለመሻር ሀውሱ ድምፅ ሰጠ 222 ለ 203፣ ሁለት ሶስተኛ ስላልሞላ ወደቀ። ያ ዓመት በኢራቅ ጦርነት ከሁሉም በላይ ብዙ የአሜሪካ ወታደር የሞተበት ዓመት ሆነ። የመረጠው ህዝብ ምን ይበል? ጉልቻ ቢለዋወጥ!

ግን እዚህ ጋ ትንሽ ቆዩኝ። ከቪቶው በኋላ ሜይ 25 ቀን 2007 የተፈረመው የጦርነቱ በጀት፣ ያ የመውጫ ቀን የሌለው በጀት፣ ውስጡ ሌላ ነገር ተጨምሮበት ነበር። ሚኒመም ዌጁ፣ ቀጣሪ በህግ ከዚያ በታች መክፈል የማይችለው ወለል። ከ1997 ጀምሮ 5.15 ላይ የተጎለተው የሰዓት ክፍያ በሶስት ዙር ከፍ እንዲል፣ 2007 ላይ 5.85፣ 2008 ላይ 6.55፣ ጁላይ 2009 ላይ 7.25። እኔ ያኔ ሌላ ፓርኪንግ ነበር የምሰራው፣ ክፍያዬ ከወለሉ አንዲት ሳንቲም ከፍ ብሎ አያውቅም፣ ዓመት ሙሉ ቆመህ ብትሰራ ማንም በገዛ ፈቃዱ አይጨምርልህም። የጁላይ 2009 የደሞዝ ቼኬን ቁራጭ እስካሁን መፅሐፍ ቅዱሴ ውስጥ አጥፌ አስቀምጬዋለሁ፣ 40 ሰዓት በ7.25፣ ታክስ ሳይቆረጥ 290 ዶላር። በድሮው ቢሆን 206 ነበር። በሳምንት 84 ዶላር ልዩነት ለሌላው ምንም ላይመስል ይችላል፣ ለእኔ ለእናቴ የምልከው ገንዘብ ነበር። ስለዚህ በዚያው ምርጫ፣ በዚያው ኮንግረስ፣ እንዲያውም በዚያው ወረቀት ላይ ሰው የመረጠበት ትልቁ ጉዳይ ሳይሆን ቀረ፣ ማንም ብዙ ያላወራለት ትንሹ ጉዳይ ሆነ። ወጡ ጣፈጠ ወይስ አልጣፈጠም ብላችሁ ብትጠይቁኝ እኔ የቀመስኩትን ነው የምናገረው።

ከዚያ በኋላስ? የፌደራሉ 7.25 እንደዚያው ቀረ፣ ዛሬም ያው ነው። ሀውሱ በ2011 ለሪፐብሊካን፣ በ2019 ለዲሞክራት፣ በ2023 እንደገና ለሪፐብሊካን ተገላበጠ፣ ድንጋዩ ሲነሳ ሲጣል ብሩ አልተነቃነቀም። በ2021 ዲሞክራቶች ሁሉንም ይዘው፣ ዋይት ሀውሱን ጨምሮ፣ 15 ዶላር ይሁን የሚለው ማሻሻያ ሴኔት ውስጥ 42 ለ 58 ወደቀ፣ ከራሳቸው ወገን 8 ሰው እምቢ ብሎ። ይሄኛው ጉልቻው በሙሉ ተቀይሮ ጨው ያልገባበት ነው። ጨው ሆይ ለራስህ ስትል ጣፍጥ አለዚያ ድንጋይ ነህ ተብለህ ትወረወራለህ ይባል የለ?

የእኛን የራሳችንን ደግሞ እናስታውስ፣ ኤች አር 2003ን (2003 ዓመት ሳይሆን የረቂቅ ህጉ ቁጥር ነው)። ዲሲና አካባቢዋ የኖረ ሐበሻ ያንን ቁጥር ዛሬም አይረሳውም። በኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት ላይ ረቂቁን መጀመሪያ የገፋው ሪፐብሊካኑ ክሪስ ስሚዝ ነበር፣ በ2006፣ ሀውሱን የራሱ ፓርቲ ይዞት እያለ ከኮሚቴ አልፎ ለድምፅ ሳይቀርብ ቀረ። ማጆሪቲው፣ ብዙውን ወንበር የያዘው ፓርቲ፣ ሲቀየር ዲሞክራቱ ዶናልድ ፔይን ይዘውት መጡ፣ ኦክቶበር 2 ቀን 2007 ሀውሱ አሳለፈው፣ ሰው በደስታ አለቀሰ፣ ከዚያ ሴኔት ሄዶ እዚያው ተቀበረ። በ2018 ኤፕሪል ላይ ደግሞ ሪፐብሊካኖች በያዙት ሀውስ ኤች ሬስ 128 አለፈ፣ እሱም ስለ ኢትዮጵያ ሰብአዊ መብት፣ የህግ አስገዳጅነት የሌለው የአቋም መግለጫ ነው ግን አለፈ። ሁለቱም ጊዜ ልዩነት ያመጣው የማን ወንበር ይበልጣል የሚለው ብቻ አልነበረም፣ ስራውን በፈረቃ ቀይሮ ኮንግረስ ኮሪደር ላይ ሲመላለስ የዋለው፣ የየወረዳውን ተወካይ ቢሮ በስልክ ሲያጨናንቅ የነበረው ሰው ነው። ኩበቱ እሱ ነው። ድንጋይ ላይ የተጣደ ድስት ስሩ እሳት ከሌለ ምን ይፈላል።

ወደ አያቴ ጉልቻ ልመለስ። ተረቱ ጉልቻ ወጥ አያጣፍጥም አለ እንጂ ጉልቻ አያስፈልግም አላለም። ድንጋዩ ዝቅ ካለ እሳቱ አየር አያገኝም፣ ይጨሳል እንጂ አይነድም። ከተራራቀ ድስቱ መሀል ላይ ይሰምጣል። ከተንገዳገደ ደግሞ የአንድ ቀን ልፋት አመድ ላይ ይደፋል። አያቴ ያቺን ገል ስትሸጉጥ ወጥ እያጣፈጠች አልነበረም፣ እንዳይደፋባት ነው። እና የአሜሪካ ድስት ልክ እንደ እሷ ሶስት ድንጋይ ላይ ነው የተጣደው፣ ሀውስ፣ ሴኔት፣ ፕሬዚዳንት፣ ከኔብራስካ በቀር በየስቴቱም እንደዚያው ሁለት ምክር ቤትና ገቨርነር፣ የስቴቱ አስተዳዳሪ ማለት ነው። እኛ አንዱን ቀይረን ወጥ እንጠብቃለን፣ ከዚያ አልጣፈጠም ብለን ሁለተኛ አልመርጥም እንላለን። ይሄ ነው የሚያናድደኝ።

የቨርጂኒያን ነገር በቅርብ ያየሁት ስለሆነ ትንሽ ልቆይበት። ሜዲኬድ፣ መንግስት ገቢው ዝቅተኛ ለሆነ ሰው የሚከፍለው የጤና መድን፣ ይስፋ የሚለው ጥያቄ እዚህ ስቴት ዓመታት ሙሉ በዋና ከተማው ሪችመንድ ላይ ሲወድቅ ሲነሳ ኖረ፣ ሪፐብሊካኖቹ በታችኛው ምክር ቤት ከ100 ወንበር 66 ይዘው ነበር። ልጅ የማያሳድግ ጤነኛ ጎልማሳ ምንም ያህል ደሃ ቢሆን ሜዲኬድ አያገኝም ነበር። ጎረቤቴ የነበሩ አንዲት እናት ስኳር አለባቸው፣ የሌላ ሰው ህፃን እየጠበቁ ነው የሚተዳደሩት፣ ኢንሱሊናቸውን ቆጥበው ቆጥበው ነበር የሚወስዱት፣ ወር መጨረሻ ላይ መጠኑን ይቀንሱታል። «ምን ላድርግ፣ ኪራይ ይቅደም» ይሉኝ ነበር።

ኖቬምበር 2017 ላይ ምርጫ ሆነ፣ ዲሞክራቶች 15 ወንበር ነጠቁ፣ 66 የነበረው 51 ለ 49 ሆነ። ያቺም አንዷ ወንበር እንዴት እንደተገኘች ታውቃላችሁ? በአንድ ወረዳ ሁለቱ ተወዳዳሪዎች እኩል 11,608 እና 11,608 ድምፅ አገኙ። እኩል! በህጉ መሰረት እጣ ይጣል ተባለ፣ ጃንዋሪ 4 ቀን 2018 የሁለቱ ስም በየራሱ የፎቶ ፊልም መያዣ ተጠቅልሎ ጎድጓዳ የሸክላ ሳህን ውስጥ ተጨመረ፣ ተማሰለ፣ የሪፐብሊካኑ ስም ወጣ። ማጆሪቲው አልተቀየረም ማለት ነው፣ ጉልቻው ያው ጉልቻ። ግን የተቀመጡት ሰዎች ፈርተዋል፣ መሬቱ ከስራቸው እንደተንሸራተተ አይተዋል። በዚያው ዓመት ሜይ 30 ሜዲኬዱ በዚያው ምክር ቤት 67 ለ 31 አለፈ፣ ትናንት እምቢ ሲሉ የነበሩ ሪፐብሊካኖች ጭምር እጃቸውን አውጥተው፣ ሴኔቱም 23 ለ 17 ተቀበለው፣ ጁን ላይ ተፈረመ። እስከ 400 ሺህ ሰው ያገኛል ተብሎ ነበር የተገመተው። ጃንዋሪ 2019 ላይ ስራ ሲጀምር እኚያ እናት ካርዱ በፖስታ መጥቶላቸው በር አንኳኩተው «አንብብልኝ እስቲ፣ እውነት የእኔ ስም ነው?» አሉኝ። የእሳቸው ስም ነበር።

እዚህ ላይ ተረቱ አይበቃኝም። ድንጋዩ ሳይቀየር ወጡ ተቀየረ፣ ግን የተቀየረው ሰው ድንጋዩን ለመቀየር ወጥቶ ስለነካው ነው። በ2019 ምርጫ ደግሞ ሁለቱም ምክር ቤት ተገለበጠ፣ 7.25 ላይ ተቸክሎ የነበረው የቨርጂኒያ ክፍያ ሜይ 2021 ላይ 9.50፣ በዓመቱ መግቢያ 11፣ በ2023 ደግሞ 12 ገባ። ከዚያ በላይ ወደ 15 እንዲሄድ በ2024 ምክር ቤቶቹ አሳለፉት፣ ገቨርነሩ ቪቶ አደረጉት።

በማግስቱ ይሄንን ሁሉ ለጋሼ ነገርኳቸው፣ ቡዙ ውስጥ ቁጭ ብለው መኪና እስኪመጣ እያዳመጡ። ስለ ኢራቅ ሳወራ «አላልኩህም!» አሉ። ስለ ሜዲኬዱ ሳወራ ዝም አሉ። መጨረሻ ላይ የ15 ዶላሩን ስነግራቸው መነፅራቸውን አወለቁና «ቆይ፣ ሁለቱ እሺ ብለው አንዱ ነው እምቢ ያለው?» አሉኝ። አዎ ጋሼ፣ ገቨርነሩ ናቸው አልኳቸው። ልጃቸው ዲፓርትመንት ስቶር ውስጥ በሰዓት ነው የምትሰራው።

«እና የእሱ ምርጫ መቼ ነው?»

የሚቀጥለው ዓመት ኖቬምበር አልኳቸው። እስክሪብቶ አነሱና ከገንዘብ መሳቢያው በላይ በተለጠፈው ወረቀት ጥግ ላይ ኖቬምበር 2025 ብለው ፃፉ።