ድር ቢያብር አንበሳ ያስር

ይህ ምሳሌ ሲነገር ብዙ ሰው የሚታየው የሸረሪት ድር ነው። መልእክቱ በዚያም አይጠፋም፤ ድር ግን የሸማኔም ቃል ነው፣ አባባሉ ይበልጥ የሚጣፍጠውም በዚህ ፍቺው ነው።

ሸማኔ በቁመት የሚወጥረው ክር ድር፣ በመወርወሪያ አግድም የሚያስገባው ደግሞ ማግ ይባላል። የማይለያዩ ሰዎችን «ድርና ማግ ናቸው» የምንለው ከዚሁ ተነሥተን ነው። ጨርቁ ተሠርቶ እስኪያልቅ ተወጥሮ የሚቆየውና ማጉ በተመታ ቁጥር የሚፋተገው ድሩ ስለሆነ ጠንከር ብሎ የከረረ ክር ይፈልጋል። ዛሬ ብዙ ሸማኔ ለድር የፋብሪካ ክር፣ ለማግ የእጅ ፈትል ይጠቀማል። ከድሩ አንዱ ክር ቢላላ ጨርቁ ይጨማደዳል፤ ተበጥሶ ካልተቀጠለ ደግሞ ክፍተቱ ቁመቱን ሙሉ ይወርዳል።

የምሳሌው ጉልበት «ቢያብር» ላይ ነው። ማበር መከማቸት አይደለም። አንድ አንድ ሜትር የሆነ አሥር የስፌት ክር ውሰዱ፤ ሳታስተካክሉ ጫፍና ጫፋቸውን ቋጥራችሁ ሳቡ። ሸክሙ መጀመሪያ የሚያርፈው አጠር ብሎ በተወጠረው ላይ ነው። እሱ ይበጠሳል፣ ቀጥሎ ሁለተኛው፤ አሥሩም ተራ በተራ ያልቃሉ። አሁን ሌላ አሥር ክር እኩል አድርጉና መጠምጠም እስኪጀምር ድረስ በአንድ አቅጣጫ አክርሩት። ሳታላሉ መሃሉ ላይ አጥፋችሁ ሁለቱን ጫፎች አገናኙና እጥፋቱን ልቀቁት፤ ራሱ ወደ ተቃራኒው ይገመዳል። ግማሽ ሜትር የማይሞላ፣ ሃያ ክር የያዘ ገመድ ወጣ ማለት ነው። እዚህ ውስጥ አንዱ ቢሳሳ ጎረቤቶቹ ጨብጠው ይይዙታል። አንበሳ ማሰር የሚችለው እንዲህ ያለው ነው።

«ያስር» የተባለው «ያስራል» አጥሮ ነው፤ ድር፣ ያብር፣ ያስር ብሎ ቤት እንዲመታ። «ድር» ራሱም በነጠላ ተጠርቶ በመቶዎች የሚቆጠሩ ክሮችን ያቅፋል፤ «ድሮች ቢያብሩ» ማለት አላስፈለገም።

አባባሉ የሚነገረው አቅመ ደካሞች አንድ ትልቅ ነገር ሲገጥማቸው ነው፤ ለመዋጮ፣ ለደቦ፣ ጉልበተኛን በጋራ ለመቋቋም። አንድን ብርቱ ሰው ለማወደስ አይሆንም። መዋጮ ሲጠራ ብቻ ተነሥቶ ሸክሙ ለሁለት ሦስት ሰው ሲተው ግን ያሳዝናል፤ ያ ሳይስተካከል የተቋጠረው ክር ነው።