በወሎ የመተግበሪያ ሥራ፦ ሳይቸኩሉ፣ ሳይቆሙ

በወሎ የመተግበሪያና የሶፍትዌር ሥራ በብዛት ያለው ኮምቦልቻና ደሴ ነው። የወሎ ዩኒቨርሲቲ የኢንፎርማቲክስ ትምህርት የሚሰጠው በኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው። ኢንስቲትዩቱ ያፈራቸው ልጆች የትም ቢሄዱ አያሳፍሩም።

አንድን ምርት በዝግታ ማሳደግ ይሻላል ወይስ ቶሎ ለቆ መሮጥ? ሙያው በዚህ ሲከራከር ኖሯል። ጂሜይል እ.ኤ.አ. በ2004 በግብዣ ብቻ ጀምሮ «ቤታ» (ገና ሙከራ ላይ ነው) የሚለውን ምልክት ያነሳው በ2009 ነው። በፍጥነቱ የሚጠቀሰው ፌስቡክም ቢሆን ከአንድ ዩኒቨርሲቲ ተነስቶ ለሁሉም ክፍት እስኪሆን ከሁለት ዓመት በላይ ፈጅቷል።

እዚህ አገር ዝግታው ግድ የሚሆንበት ምክንያት አለ። ደሴ ሸርፍ ተራ ላለ ባለሱቅ የዱቤ መመዝገቢያ መተግበሪያ ተሠራለት እንበል። ቅጹ ስም፣ የአባት ስምና ስልክ ይጠይቃል። ደብተሩ ግን «የሐዋ ልጅ፣ ዘይት 1 ሊትር» ነው የሚለው። ይህን ለማወቅ ሱቁ ውስጥ መዋል ያስፈልጋል። ሁለት ሦስት ሱቅ ከተስማማው ወሬው ራሱ ጎረቤት ይደርሳል። ማስታወቂያ ይህን ያህል አይሠራም።

መዘግየትም ዋጋ ያስከፍላል። ብዙ የመመረቂያ ፕሮጀክት ውጤት ከተሰጠ በኋላ ላፕቶፕ ውስጥ ይቀራል። ሠሪዎቹ አዲስ አበባ ይገባሉ፣ ነገሩ ይቀዘቅዛል። አንዳንዶች ጥፋቱን በገንዘብ እጥረት ያሳብባሉ። ገንዘብ ይኑርበት እንጂ፣ በየጊዜው ትንሽ ነገር አለመልቀቁ ይብሳል።

ከሁሉ በላይ አሠራሩን የፈተነው ጦርነቱ ነው። ደሴና ኮምቦልቻ ከጥቅምት 2014 መጨረሻ እስከ ኅዳር መጨረሻ በሕወሓት ኃይሎች እጅ ነበሩ፤ ዩኒቨርሲቲውም ተዘርፏል። ከ2015 ማብቂያ ጀምሮ ደግሞ በአማራ ክልል የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተዘግቶ ነበር። ዳታ ከሌለ አይከፈትም የሚባል መተግበሪያ በአንድ ቀን ዋጋ ያጣል። ስለዚህ መዝገቡ መጀመሪያ ስልኩ ላይ መቀመጥ አለበት፤ ኔትወርክ ሲመጣ ይላካል። በግንቦት 2013 የተጀመረው ቴሌብር *127# ተደውሎም መሥራቱ እዚህ ላይ ትልቅ ትምህርት ነው። ተራ ቀፎ የያዘም ይከፍልበታል።

ዝማኔ (የተሻሻለ ስሪት) አዘውትሮ መልቀቁ ጥሩ ነው፣ ቀኑ ግን ይመረጥ። የባቲ ገበያ የሚቆመው ሰኞ ነው። ባቲ ያለ ነጋዴ ሰኞ ጠዋት መተግበሪያው ላይ በዝማኔው ቦታው የተቀየረ ቁልፍ ሲፈልግ ደንበኛው አጠገቡ ወዳለው ይሄዳል። ማክሰኞ ቢለቀቅ ግን ሳምንቱን ሙሉ ይለማመደዋል።