14 ለ 11 የኳስ ውጤት አይደለም

አንደኛው የዓለም ጦርነት በተነሳ ቁጥር አንድ ሰው ብድግ ይልና "እንግሊዝ እኮ ጁትላንድ ላይ ተሸንፋለች" ይላል። ማስረጃው ሁልጊዜ ያው ነው፤ እንግሊዝ 14 መርከብ አጣች፣ ጀርመን 11። አለቀ። ታሪክ ሳስተምር ይህን ሳልሰማ ያለፍኩበት ዓመት የለም፤ ሰልችቶኛል።

መጀመሪያ ስለ ማን እንደምናወራ እንስማማ። ግራንድ ፍሊት በኦገስት 1914 ጦርነቱ ሲፈነዳ የተደራጀው የእንግሊዝ ዋና የባሕር ጦር ነው (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። አዛዡ አድሚራል ጆን ጄሊኮ ነበር። ዋና ሰፈሩ ከስኮትላንድ በስተሰሜን፣ በኦርክኒ ደሴቶች መሃል ያለው ስካፓ ፍሎው ነው። ሜይ 31 ቀን 1916 ከዴንማርክ በስተምዕራብ ከጀርመኑ አድሚራል ራይንሃርድ ሼር ጋር ገጠመ፤ የጁትላንድ ውጊያ የሚባለው ይህ ነው። 151 የእንግሊዝ መርከብ፣ 99 የጀርመን።

ኪሳራው እውነት ነው። 6,094 የእንግሊዝ ባሕርተኞች ሞተዋል፤ ከጀርመኖቹ ደግሞ 2,551። ግን የሞተና የሰጠመ ከመቁጠራችሁ በፊት ሁለቱ ምን ፈልገው እንደወጡ ጠይቁ። ሼር የፈለገው ከግራንድ ፍሊት ላይ አንዱን ክፍል ነጥሎ መምታትና የቁጥር ብልጫውን ማጥበብ ነበር። ጄሊኮ ደግሞ ሰሜን ባሕር እንደተዘጋ እንዲቆይ ነው የሚፈልገው። ባሕሩ ወደ አትላንቲክ የሚያስወጣ ሁለት በር ብቻ ነው ያለው፤ በደቡብ የዶቨር ወሽመጥ፣ በሰሜን በስኮትላንድና በኖርዌይ መካከል ያለው ሰፊ ውሃ።

አንድ ጎበዝ ተማሪዬ "ቁጥር አይዋሽም" ብሎ ሙጭጭ አለብኝ። ካርታ ዘረጋሁለትና እርሳስ ሰጠሁት፤ ከጁትላንድ ውጊያ ማግስት ስንዴ የጫነ መርከብ ከኒውዮርክ ሃምቡርግ የሚገባበትን መንገድ አስምርልኝ አልኩት። እርሳሱ ዶቨር ደርሶ ቆመ። ተመለሰና በስኮትላንድ ዞረ፤ እዚያም ቆመ። ከዚያ እርሳሱን አስቀመጠው። እናንተም ክርክር ውስጥ ከመግባታችሁ በፊት ካርታ ክፈቱ፣ ብዙ ጊዜ ትቆጥባላችሁ።

ማግስቱንም እዩ። ጄሊኮ ጁን 2 ማታ 24 ትልልቅ መርከቦቼ በአራት ሰዓት ውስጥ ለመውጣት ዝግጁ ናቸው ብሎ ለለንደን አስታወቀ። ዛይድሊትዝ የተባለው የጀርመን የጦር መርከብ በሺዎች ቶን የሚቆጠር ውሃ ገብቶበት እንደምንም ወደቡ ደርሷል፤ የሼር ጦር ተጠግኖ እንደገና እስኪወጣ ኦገስት ሆነ። ደግሞ ሼር ራሱ በጁላይ 1916 ለንጉሠ ነገሥቱ ምን ብሎ ጻፈ? በባሕር ላይ ውጊያ የቱንም ያህል ቢቀናን እንግሊዝን ለሰላም አናስገድዳትም፣ ያለን አማራጭ ሰርጓጅ መርከብ ነው አለ። አሸነፈ የምትሉት ሰውዬ ነው እንዲህ ያለው! ጀርመን በፌብሩዋሪ 1917 ያለገደብ የሰርጓጅ ጦርነት ከፈተች፣ በኤፕሪል አሜሪካ ገባችባት።

ሌሎችም ሁልጊዜ የምሰማቸው አባባሎች አሉ። "ጄሊኮ ፈሪ ነበር፣ ከቶርፔዶ ሸሸ።" ይሄኛው ያናድደኛል። የጀርመን አጥፊ ጀልባዎች ቶርፔዶ (በውሃ ውስጥ ሄዶ መርከብ የሚመታ ፈንጂ) ሲለቁበት ጦሩን አዙሮ ራቀ፣ እውነት ነው፤ በዚያ ጥቃት ከተተኮሱት አንዱም አልመታም። ደግሞ ድንገት የመጣለት ሐሳብ አልነበረም። በኦክቶበር 1914 እንዲህ አደርጋለሁ ብሎ ለአለቆቹ ጽፎ፣ እነሱም ተቀብለውታል። ሼር በሌሊት አመለጠ ከተባለ ለንደንንም ጠይቁ፤ ሼር በዴንማርክ ጠረፍ ወዳለው ሆርንስ ሪፍ እንደሚያመራ የሚጠቁም የተጠለፈ መልእክት እጃቸው ገብቶ ለጄሊኮ አላስተላለፉለትም።

"ሦስቱ ትልልቅ የእንግሊዝ መርከቦች የፈነዱት ብረታቸው ስስ ስለሆነ ነው።" ግማሽ እውነት ነው። ኢንዲፋቲጌብል፣ ኩዊን ሜሪና ኢንቪንሲብል ሲፈነዱ ከእያንዳንዳቸው ከሺህ በላይ ሰው አልቋል። ትልቁ ጥፋት ግን የባሩድ አያያዙ ነበር። ቶሎ ቶሎ ለመተኮስ ሲባል እሳት እንዳያልፍ የተሠሩት በሮች ክፍት ይተዋሉ፣ ባሩዱ ከመጋዘን ወጥቶ መተላለፊያው ላይ ይከመራል። ላየን የተባለችው መርከብ የዳነችው ሜጀር ፍራንሲስ ሃርቪ ስለነበረ ነው። የመድፍ ክፍሉ ተመትቶ፣ እሱም ለሞት የሚያበቃ ቁስል ቆስሎ እያለ፣ የባሩድ መጋዘኑ በሮች እንዲዘጉና ውሃ እንዲለቀቅበት አዘዘ። ቆየት ብሎ እሳቱ እንደገና ተነስቶ እታች ድረስ ወረደ፤ የሚፈነዳ ባሩድ ግን አላገኘም። ሰዎቹ ይሄን ስም ሳያውቁ ስለ ብረት ውፍረት ሲከራከሩ ስሰማ ያመኛል።

"ከጁትላንድ በኋላ የጀርመን ጦር ከወደብ አልወጣም።" ወጥቷል። ኦገስት 1916 ወጥቷል፣ ኤፕሪል 1918 ደግሞ እስከ ኖርዌይ ጠረፍ ሄዷል።

"ግራንድ ፍሊት የእንግሊዝ መርከብ ብቻ ነበር።" አይደለም። ከዲሴምበር 1917 ጀምሮ በአድሚራል ሂዩ ሮድማን የሚመራ የአሜሪካ ጦር አብሮት ነበር።

"የጀርመንን መርከቦች ስካፓ ፍሎው ላይ ያሰጠማቸው ግራንድ ፍሊት ነው።" ይሄም ስሕተት ነው። ኖቬምበር 21 ቀን 1918 መርከቦቹ ለግራንድ ፍሊት እጅ ሰጡ፤ ያኔ አዛዡ ጄሊኮን የተካው ዴቪድ ቢቲ ነበር። ጁን 21 ቀን 1919 የጀርመኑ አድሚራል ሉድቪግ ፎን ሮይተር አዘዘና የራሱ ሰዎች ውሃ አስገቡባቸው፤ ከ74ቱ 52ቱ ሰጠሙ። ግራንድ ፍሊት ደግሞ ከዚያ ሁለት ወር ቀደም ብሎ፣ በኤፕሪል 1919 ፈርሷል።