የቤንዚን ሞተር ዑደት ስሌት፦ የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

በኦቶ ዑደት (የቤንዚን ሞተር የሚሠራበት ዑደት) ስሌት ብዙ ሰው የሚሳሳተው ቀመሩን በቃሉ እያወቀ ነው። አንድ ሲሊንደር እንያዝ፦ ፒስተኑ የሚጠርገው ይዘት 500 ሲሲ፣ የእመቃ ምጥጥኑ 8፣ የሚገባው አየር 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ ግፊቱ 100 ኪሎ ፓስካል። ፍትጊያም በግድግዳ የሚባክን ሙቀትም የለም እንበል።

«500ን ለ8 ማካፈል ነው»

ፒስተኑ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ የሚቀረው ይዘት እንዲህ ሲሰላ 62.5 ሲሲ ይመጣል፤ ስህተት ነው። ምጥጥኑ ፒስተኑ ታች ሳለ ያለው ጠቅላላ ይዘት፣ ላይኛው ጫፍ ሲደርስ ለሚቀረው ይዘት ተካፍሎ የሚገኝ ነው። ስለዚህ 500 የሚካፈለው ለ7 ነው፤ የሚቀረው 71.4፣ ጠቅላላው 571.4 ሲሲ። በ62.5 የቀጠለ ሰው ሳያውቀው ምጥጥኑ 9 የሆነ ሞተር እያሰላ ነው።

«ሙቀት ካልገባና ካልወጣ ሙቀቱ አይለወጥም»

የጥፋቱ ግማሽ የቋንቋችን ነው። «ሙቀት» ስንል አንዴ የሚተላለፈውን ጉልበት፣ አንዴ ቴርሞሜትር የሚያነበውን እንጠራለን። ሁለተኛውን «መጠነ ሙቀት» ብሎ መለየት ብዙ ራስ ምታት ያስቀራል። በእመቃ ጊዜ ሙቀት ባይገባም ፒስተኑ በጋዙ ላይ ሥራ ይሠራል፤ ያ ሥራ የጋዙን መጠነ ሙቀት ያንረዋል። ናፍጣ ሞተር ካንዴላ የማያስፈልገው ለዚህ ነው፦ ምጥጥኑ 18 ሲሆን ያው የ20 ዲግሪ አየር ወደ 658 ዲግሪ ይደርሳል።

ከዚሁ የሚወለድ ሌላ ስህተት አለ፦ ይዘቱ ወደ አንድ ስምንተኛ ከወረደ ግፊቱ 8 እጥፍ ይሆናል የሚለው። ይህ የሚሠራው መጠነ ሙቀቱ ሳይለወጥ ከቀረ ብቻ ነው። እዚህ ግን 8^1.4 = 18.38 ስለሆነ (1.4 የአየር ሁለቱ የሙቀት አቅሞች፣ በቋሚ ግፊትና በቋሚ ይዘት፣ ምጥጥን ነው) ግፊቱ 1838 ኪሎ ፓስካል ይሆናል።

«በሴንቲግሬድም ይሠራል»

20 × 2.297 = 46 ዲግሪ። ቤንዚን ቀርቶ ሻይ የማያፈላ ሞተር! (2.297 ማለት 8^0.4 ነው፤ በእመቃ ጊዜ መጠነ ሙቀቱ የሚባዛበት።) በኬልቪን ግን 293 × 2.297 = 673፣ ማለትም 400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ። ለማረጋገጥ ግፊትን በይዘት አባዝተው ለኬልቪኑ ያካፍሉ፤ ከእመቃው በፊትም በኋላም 195 ገደማ መምጣት አለበት።

«የ1.4 ቀመር ለቃጠሎውም ይሆናል»

አይሆንም። በቃጠሎው ቅጽበት ይዘቱ ስለማይለወጥ ቀመሩ ግፊቱም አልጨመረም ይልዎታል። እዚህ ግፊት ከኬልቪኑ ጋር በእኩል እጥፍ ያድጋል። ለኪሎ አየር 900 ኪሎ ጁል ቢሰጥ፣ ለ0.718 (ይዘቱ ሳይለወጥ አንድ ኪሎ አየርን በአንድ ኬልቪን ለማሞቅ የሚያስፈልገው ኪሎ ጁል) ሲካፈል 1253 ኬልቪን ይጨምራል፦ 1926 ኬልቪን፣ 5260 ኪሎ ፓስካል። ጋዙ ሲሰፋ ወደ 838 ኬልቪንና 286 ኪሎ ፓስካል ይወርዳል። እዚህ ላይ 100 ካገኙ አንድ ቦታ ተሳስተዋል፤ ትርፉ ግፊት የጭስ ማውጫው ቫልቭ ሲከፈት የሚወጣው ነው።

«ጌጁ ያሳየው ቁጥር እንዳለ ይገባል»

ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ግፊት ነው። አዲስ አበባ ላይ የአየሩ ግፊት 77 ኪሎ ፓስካል ገደማ ስለሆነ፣ ጎሚስታው 220 ብሎ የሞላው ጎማ ትክክለኛ ግፊቱ 297 ነው፤ በባሕር ጠለል ልማድ 100 የደመረ 320 ይላል። ሲሊንደሩም ከ77 ሲነሳ በእመቃ 1415 ብቻ ይደርሳል፣ መጠነ ሙቀቱ ግን ያው 400 ዲግሪ ነው። የቀነሰው የገባው አየር ነው፣ በ23 በመቶ።

«1.4 ቋሚ ነው»

ለቀዝቃዛ አየር ብቻ። በ1900 ኬልቪን አካባቢ ወደ 1.3 ይወርዳል። በ1.4 የሚገኘው የ56.5 በመቶ ብቃት (ከተሰጠው ሙቀት ወደ ሥራ የሚለወጠው ድርሻ) በ1.3 ሲሠራ 46.4 ይሆናል።